ግማሽ ጉልበት፤ በመነሣት ላይ ሳለ ኃይሉን ስለሚያጣ የትንሽ አውሮፕላን ሞተር የቀረበ ዳሰሳ

አንድ ሞተር ብቻ ያለው ትንሽ የግል አውሮፕላን በማኮብኮቢያው ጫፍ ቆሞ፣ አብራሪው የነዳጅ መስጫውን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፍቶና ፍሬኑን ለቅቆ መንደርደር ከጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ እስኪይዝ ድረስ ያለው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም፤ ነገር ግን በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ሞተሩ ኃይሉን ቢያጣ፣ አብራሪው በሌላው የበረራ ክፍል ሁሉ ከሚታደላቸው ከሦስቱ ጸጋዎች፣ ይኸውም ከከፍታ፣ ከፍጥነትና ከጊዜ፣ አንዱም በበቂ መጠን በእጁ አይገኝም። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ክርክርም ተደርጓል፤ ይሁን እንጂ ጽሑፉም ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ሞተሩ ፈጽሞ ጸጥ በሚልበት አደጋ ላይ ሲሆን፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ጉልበቱ ብቻ ስለሚጎድልበት ሁኔታ የሚነገረው ጥቂት ነው። እኔ እንደማምነው የነገሩ ክብደት ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ አንባቢም ወደዚያ እስክንደርስ ድረስ በትዕግሥት አብሮኝ እንዲጓዝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሞተር ከሌላው ጊዜ ይልቅ በመነሣት ላይ ሳለ ለምን ይደክማል የሚለው ነው። ብዙ ሰዎች ሞተሩ በዚያን ሰዓት የሚበላሸው ከአቅሙ በላይ ስለሚጨነቅ ይመስላቸዋል፤ እውነቱን ስንመረምረው ግን ሕፀፁ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በመሬት ላይ የነበረ፣ ነገር ግን ሞተሩ የሚጠየቀው ሥራ ጥቂት በመሆኑ ተሰውሮ የቆየ ነው። ባለ 160 የፈረስ ጉልበቱ የላይካሚንግ ሞተር፣ ማለት በብዙዎቹ ሴስና 172 አውሮፕላኖች አፍንጫ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት፣ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት 50 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል፤ በመሬት ላይ ቀስ እያለ ወደ ማኮብኮቢያው ሲጓዝ ግን የሚበቃው ከዚህ ከአንድ አምስተኛው አይበልጥም። እንግዲህ ከፊሉ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የተጣመመ የነዳጅ ቧንቧ፣ ተርብ ጭቃ ለስኖ ጎጆ የሠራበት የታንክ መተንፈሻ፣ ለአምስተኛው እጅ የሚበቃውን ያህል እያሳለፈ ቆይቶ፣ ሙሉው በተጠየቀ ጊዜ ማሳለፍ ይሳነዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን መንኮራኩሮቹ ከመሬት ተላቅቀዋል።

ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አየር፣ ነዳጅና እሳት። ከሦስቱ መካከል በሰው ቸልታ ምክንያት በቀላሉ የሚጓደለው ነዳጅ ነውና ስለ እርሱ ሰፋ አድርጎ መናገር ይገባል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ አንድ ሊትር የአውሮፕላን ቤንዚን 720 ግራም ያህል ሲመዝን የአንድ ሊትር ውሃ ክብደት አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ዝናም ባረጀ የታንክ ክዳን ላስቲክ ሾልኮ ሲገባ፣ ወይም ግማሽ ድረስ ባዶ በሆነ ታንክ ውስጥ የሌሊቱ ብርድ የአየሩን እርጥበት ወደ ጠብታ ሲለውጠው፣ ውሃው ወርዶ ከታንኩ ወለል ላይ ይተኛል፤ አውሮፕላኑ በሜዳ ላይ ሲጓዝም እዚያው በጥጉ ጸጥ ብሎ ይቆይና፣ አፍንጫው ቀና ብሎ ሽቅብ ሲል ወደ መውጫው ቀዳዳ ተንሸራትቶ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ይህን ለመከላከል የተሠራው ሥርዓት በጣም ቀላል ነው። አብራሪው በማለዳ፣ ሌላ ነገር ሁሉ ሳይጀምር፣ ጥርት ያለች የፕላስቲክ መቅጃ ይዞ ከክንፉ ሥር ጎንበስ ይላል፤ የመቅጃዋ ጫፍ ላይ ባለችው ዘንግ የታንኩን ማስተንፈሻ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጋት ነዳጁ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ መቅጃዋ ይፈስሳል፤ ከዚያም ወደ ሰማዩ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል። ባለ 100 ኦክቴኑ የአውሮፕላን ቤንዚን በቀለም ተነክሮ የሚሸጥ ስለሆነ ሰማያዊ መልክ አለው፤ ውሃ ካለበትም ከሥሩ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ መቅጃዋ በተዘነበለች ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል። ነገር ግን አንድ ረቂቅ ስሕተት አለ፤ የተቀዳው ሁሉ ውሃ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ድንበር አይኖርምና፣ ዐይኑን ለድንበሩ ብቻ የሰጠ ሰው መቅጃ ሙሉ ውሃ ይዞ ንጹሕ ቤንዚን ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ቀለሙን ያያሉ፤ ያሸቱታል፤ በጣታቸውም ነክተው ቶሎ መትነኑን ይመለከታሉ።

ከውሃ የባሰው የተሳሳተ ነዳጅ ነው። የጄት ነዳጅ ከነጭ ጋዝ ጋር አንድ ዘር ሲሆን፣ ፒስቶን ላለው የቤንዚን ሞተር ከቶ አይስማማም፤ ተሳስቶ የተቀዳ እንደ ሆነም ክፋቱ የሚገለጠው ወዲያውኑ አይደለም። በቧንቧውና በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ጥሩ ቤንዚን ሞተሩን ለማስነሣት፣ ወደ ማኮብኮቢያው ለመውሰድ፣ አንዳንድ ጊዜም ፍተሻውን ሁሉ ለማለፍ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ድብልቁ ሲሊንደሩ ውስጥ ደርሶ በሥርዓት መንደዱን ትቶ እየፈነዳ ፒስቶኑን ይቀጠቅጠዋል። የነዳጅ መምረጫው እጀታም እንዲሁ ነው፤ በተዘጋው ላይ ወይም በባዶው ታንክ ላይ ተረስቶ የቀረ ቢሆን፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ትርፍ አውሮፕላኑን ልክ አየር ላይ አውጥቶ ይተወዋል። እነዚህ ሁሉ ሞተሩ ያልበደለባቸው የሞተር ብልሽቶች ናቸው።

ስለ አየሩ ስንናገር፣ ያልለመደ ሰው በቀላሉ የማያምነው ነገር አለ፤ ይኸውም ውጭው ሳይበርድ በካርቡሬተሩ ጕሮሮ ውስጥ በረዶ መጋገሩ ነው። አየሩ በጠባቡ መተላለፊያ ሲሮጥና ቤንዚኑ ሲተን ሙቀቱ ከነበረበት እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ የውጭው ሙቀት ከ21 ዲግሪ በታች ሆኖ አየሩ ርጥብ በሆነ ጊዜ በረዶው በብዛት ይጠበቃል፤ ከዚያ በላይ በሞቀ ቀንም አልፎ አልፎ ይደርሳል። የአዲስ አበባ የክረምት ጧት፣ ጭጋጉ ከእንጦጦ ሳይነሣ፣ ለዚህ በረዶ የተዘጋጀ የሚመስል አየር ነው። ሙሉ ኃይል በተሰጠ ጊዜ በረዶው ብዙ አይበረታም፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ ተራውን እየጠበቀ በዝቅተኛ ኃይል ረዥም ጊዜ መሬት ላይ የቆየ እንደ ሆነ፣ በዚያ ሰዓት የጋገረውን ይዞ ይነሣል። መድኃኒቱ ከጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ የሚያስገባው እጀታ ነው፤ ከመነሣት በፊት ተስቦ በረዶው ከተጣራ በኋላ ይመለሳል፤ ሳይመለስ ቢረሳ ግን የሞቀው አየር ሥሥ ነውና እርሱ ራሱ ጉልበት ይቀንሳል።

ስለ እሳቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ ሞተሩም እሳቱን የሚያመነጩ ሁለት ማግኔቶዎች አሉት፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲሸከም ነው። በብዙዎቹ ሴስና 172 አውሮፕላኖች አብራሪው በደቂቃ በ1700 ዙር ላይ አንዱን ማግኔቶ አጥፍቶ ዙሩ ከ125 በላይ አለመውረዱን፣ በሁለቱም መካከል ያለው ልዩነት ከ50 አለመብለጡን ይመለከታል። የብረቱን ነገር በተመለከተም፣ የተጣበቀ ቫልቭ፣ የተበላ ካምሻፍት፣ የተሰነጠቀ ሲሊንደር በየጊዜው ይገኛሉ፤ ፈጽመው ሞተሩን የሚያቆሙት ግን ጥቂቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ጉልበቱን ቀንሰው የሚተዉት መሆናቸውን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ወደ ከፍተኛ ስፍራ ጉዳይ ስንመጣ፣ ይህ ለእኛ አገር አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ የአየር መጭመቂያ ያልተገጠመለት ባለ 160 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር ምንም ሕመም ሳይኖርበት፣ ገና ከመነሻው ወደ 120 ገደማ ወርዶ ይጠብቃል። ቀኑ ሞቅ ብሎ 22 ዲግሪ የደረሰ እንደ ሆነ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሣሣና፣ አውሮፕላኑ ከ3000 ሜትር በላይ ባለ ስፍራ ላይ እንደሚነሣ ይቆጠራል። በባሕር ጠረፍ በደቂቃ 230 ሜትር ያህል ይወጣ የነበረው፣ በዚህ ግማሹን ያህል ቢወጣ ነው። በዚህም ላይ የቤንዚንና የአየር ድብልቁ በባሕር ጠረፍ መጠን ተትቶ ቢገኝ፣ ከሥሡ አየር ጋር ሲነጻጸር ቤንዚኑ ይበዛበትና ሞተሩ እየታፈነ ተጨማሪ ጉልበት ያጣል፤ የሴስና አምራቾች በመጽሐፋቸው ከ3000 ጫማ በላይ ባለ ሜዳ ላይ አብራሪው ቆሞ ሙሉ ኃይል ሰጥቶ፣ ከፍተኛው ዙር እስኪገኝ ድረስ የድብልቁን ቀይ እጀታ እየሳበ ቤንዚኑን እንዲቀንስ ያዘዙት ስለዚህ ነው። በዝቅተኛ አገር ተምሮ ወደ ደጋ የመጣ አብራሪ ይህን ልማድ ሳያደርግ ቢነሣ፣ ያልተበላሸ ሞተር ተበላሸ ብሎ ሊደነግጥ፣ ከዚያም በባሰ ሁኔታ ድካሙን እንደ ተፈጥሮው ቆጥሮ እየተንፏቀቀ ከፊቱ ወዳለው ኮረብታ ሊገሰግስ ይችላል።

አሁን አንድ የታወቀ ታሪክ ልጥቀስ። የአሜሪካው የፊልም ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መጋቢት 5 ቀን 2015 በካሊፎርኒያ ከሳንታ ሞኒካ ማረፊያ በራያን ፒቲ-22 አውሮፕላን ብቻውን ተነሣ። ይህች አውሮፕላን በ1942 ለጦር ሠራዊት ማሠልጠኛ የተሠራች፣ ባለ አምስት ሲሊንደር የኪነር ሞተር የተገጠመላት፣ ባለቤቱም በፍቅር የሚንከባከባት ነበረች። ገና ሽቅብ በመውጣት ላይ ሳለ ሞተሩ ኃይሉን አጣ፤ አብራሪው ለመቆጣጠሪያው ማማ ሞተሩ መጥፋቱንና ወዲያው መመለስ እንደሚፈልግ ነግሮ ዞረ፤ ነገር ግን ማኮብኮቢያው ጋ እንደማይደርስ በተረዳ ጊዜ፣ የመመለሱን ሐሳብ ተወና ከአጠገቡ በነበረው የጎልፍ ሜዳ ላይ ባዶ ስፍራ መረጠ፤ አውሮፕላኗ የዛፍ ጫፍ ገጭታ ወረደች፤ እርሱም በብርቱ ቆሰለ እንጂ አልሞተም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርማሪዎች ሞተሩን ፈትተው ያገኙት ምክንያት ከጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ነበር። በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የምትወስነው፣ በመሐልዋ ጠባብ ቀዳዳ ያላት ብሎን በጊዜ ብዛት ተፈትታ ከመቀመጫዋ ወጥታ ነበር፤ በጠባቡ ቀዳዳ ተመጥኖ ሊያልፍ ይገባው የነበረው ቤንዚን ያለ ልክ ጎርፎ ሞተሩን አፈነው። ያች ብሎን ከዓመታት አገልግሎት በኋላ እንዴት እንደምትመረመር የሚያዝዝ መመሪያ በጥገናው መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም ሊከፍታት አላሰበም። መርማሪዎቹ ሌላም ነገር ጨምረው ጽፈዋል፤ የትከሻው ማሰሪያ ቀበቶ ከወንበሩ ጀርባ ጋር የተያያዘበት ስፍራ በሚገባ ያልተጠናከረ ስለ ነበረ በግጭቱ ጊዜ አልያዘም፤ የቁስሉም መክበድ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ የአብራሪው ዝና አይደለም፤ መመለስ ጀምሮ ሳለ ሐሳቡን ለመለወጥ መቻሉ ነው፤ ብዙዎች በዚያች ቅጽበት ዐይናቸው ከማኮብኮቢያው ላይ አልነቀል ብሎ ቀርተዋልና።

ይህ ወደ ታላቁ ክርክር ያደርሰናል። ሞተሩ ከተነሡ በኋላ የጠፋባቸው አብራሪዎች ወደ ኋላ ዞረው ወደ ተነሡበት ማኮብኮቢያ ይመለሱን፣ ወይስ ፊት ለፊታቸው ባገኙት ስፍራ ይረፉ? አሮጌው ትምህርት በፍጹም አትመለስ ይላል፤ መሠረቱም ጽኑዕ ነው። ወደዚያው መሥመር ለመመለስ የሚያስፈልገው ግማሽ ክብ መዞር ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ዞሮ የተገኘው ከማኮብኮቢያው ጎን እንጂ በራሱ ላይ አይደለምና፣ 225 ዲግሪ ያህል ዞሮ እንደገና 45 ዲግሪ መመለስ ያስፈልጋል። ክንፉ 45 ዲግሪ ባዘነበለ ጊዜ አውሮፕላኑን ለመሸከም የሚበቃው ዝቅተኛ ፍጥነት ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል፤ 60 ዲግሪ ባዘነበለ ጊዜ ደግሞ ጭማሪው 41 በመቶ ይደርሳል። እንግዲህ ምድር ወደ እርሱ ስትቀርብ ያየ አብራሪ በደመ ነፍስ መሪውን ወደ ራሱ ሲስብ፣ የውስጠኛው ክንፍ መሸከሙን ትቶ ይወድቅና አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ በመቶ ሜትር ከፍታ ላይ ከዚህ ውድቀት መመለሻ የለም። በዚህም ላይ ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ የተነሣው አውሮፕላን ሲመለስ ነፋሱን በጀርባው ይዞ ያርፋል።

በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ያለ ምክንያት አይናገሩም። በአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ፕሮፌሰር የነበሩት ዴቪድ ሮጀርስ በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ለመመለስ ከተቆረጠ ከሁሉ የሚሻለው 45 ዲግሪ አዘንብሎ ክንፉ መሸከም ከሚያቅተው ፍጥነት ጥቂት ብቻ ከፍ ባለ ፍጥነት መዞር መሆኑን በሒሳብ አሳይተዋል፤ ቀስ ብሎ በጥቂቱ አዘንብሎ መዞር የጥንቃቄ መልክ ቢኖረውም ክቡን አስፍቶ ከፍታ ያባክናል። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም በ2018 ለአሠልጣኞች ባወጣው ምክር፣ መመለስ መቼና እንዴት እንደሚቻል ለተማሪዎች እንዲያሳዩና እንዲያስተምሩ ጠይቋል። እኔ በሁለቱ ወገኖች መካከል እርቅ የሚገኝ ይመስለኛል፤ ይኸውም የመመለሻው ከፍታ ከሰው ወይም ከመጽሐፍ የሚዋሱት ቁጥር ሳይሆን፣ አብራሪው በገዛ አውሮፕላኑ፣ በደኅና ከፍታ ላይ፣ ሞተሩን አሳርፎ፣ ከድንጋጤ በኋላ እጅና እግር ለሥራ እስኪታዘዙ የሚያልፉትን አራት ሰኮንዶች ያህል ጨምሮ ለክቶ የሚያገኘው ቁጥር ነው። ያንን ያልለካ ሰው የመመለስ መብት የለውም ብል አላጋነንሁም።

ነገር ግን ይህ ክርክር ሁሉ የሚመለከተው ፈጽሞ የቆመ ሞተርን ነው። የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ ከ2000 እስከ 2010 ድረስ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ከተነሡ በኋላ የደረሰባቸውን መርምሮ ያወጣው መዝገብ ነገሩን ከሥሩ እንድናየው ያስገድደናል። በእነዚያ ዓመታት ሞተሩ በመጀመሪያ ፈጽሞ የቆመባቸው 75 አጋጣሚዎች ሲመዘገቡ፣ ከእነርሱ መካከል ሰው የሞተበት አንድም አልነበረም፤ ሞተሩ ጉልበቱን በከፊል ብቻ ያጣባቸው ግን 242 ነበሩ፤ ከእነዚህም በዘጠኙ ሰው ሞቷል። ከፊል ድካም ከፍጹም ጸጥታ ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ይደጋገማል፤ ገዳዩም እርሱ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ነገር ለአእምሮ እንግዳ ነው፤ ጥቂት ኃይል ያለው ሰው ምንም ከሌለው ሰው መሻል ይገባው ነበርና። ምክንያቱን ስናስተውል ግን ነገሩ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ሰው ኅሊና ይገባል። ሞተሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ጥያቄው ተዘግቷል፤ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ፣ ፍጥነትን መጠበቅ፣ ፊት ለፊት ያለውን ስፍራ መምረጥ፤ ሌላ መንገድ የለም፤ ተማሪም ሳለ ይህንኑ መላልሶ ተለማምዷል። ሞተሩ እያንኮራፋ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ እያገገመ አንድ ጊዜ እየደከመ ሲሄድ ግን ለአብራሪው ተስፋ ይሰጠዋል፤ ተስፋውም ውሳኔውን ያዘገይበታል። ምናልባት እስከ ማኮብኮቢያው ይደርሳል፤ ምናልባት ይሻለው ይሆናል፤ አውሮፕላኑ ውድ ነው፤ የተሳፈሩት ወዳጆች ያያሉ። እንዲህ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ከፍታው እንዳይወርድበት አፍንጫውን ቀስ በቀስ ያቀናል፤ ፍጥነቱም ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ድንገተኛ ነገር የለምና የሚያስደነግጠው አያገኝም። ከዚያም ዝቅ ባለ ከፍታ፣ በዝግተኛ ፍጥነት፣ ለመመለስ ክንፉን አዘንብሎ ሳለ፣ ቀድሞም የታመመው ሞተር ፈጽሞ ይቆማል። በተነሣበት ጊዜ ፊት ለፊቱ የነበረውን ሜዳ አልፎታል፤ ከኋላው ያለው ማኮብኮቢያ አልደረሰም፤ ከበታቹ ቤትና ዛፍ ነው።

የጉልበቱም ሒሳብ ያታልላል። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሥራውን ቢያቆም የሚጠፋው ጉልበት ሩቡ ብቻ አይደለም፤ የቀሩት ሦስቱ የሞተውን ፒስቶን መጎተት አለባቸውና ከሩብ ይበልጣል፤ አውሮፕላኑም በብርቱ ይንቀጠቀጣል። በባሕር ጠረፍ፣ በቀላል ጭነት፣ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ ቀስ እያሉ መውጣት ይቻል ይሆናል፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ግን ቀድሞውንም 120 የፈረስ ጉልበት ብቻ የነበረው ሞተር ከሩቡ በላይ ሲያጣ፣ የሚቀረው አውሮፕላኑን ከፍታውን ሳይለቅ ለመያዝ እንኳ የሚያስፈልገውን ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ በቆላ የመንገድ መጉላላት የሚሆነው ብልሽት በደጋ ውድቀት ይሆናል፤ የማረፊያውም ነገር እንዲሁ ነው። በሥሥ አየር ውስጥ ያለ አውሮፕላን በመሣሪያው ላይ ያው ፍጥነት ቢነበብም በእውነቱ የሚሮጠው በፈጠነ ሩጫ ነውና፣ በሞቃት ቀን በአዲስ አበባ ከፍታ መሬት ሲነካ የሚሸከመው የግጭት ኃይል በባሕር ጠረፍ ከሚሸከመው ከሲሶ በላይ ይበልጣል።

እንግዲህ መፍትሔው ከየት ይምጣ? ከሁሉ አስቀድሞ ከመሬት ላይ ነው። አብራሪው ሙሉ ኃይል በሰጠ ጊዜ ዐይኑን ወደ ዙር መቁጠሪያው መልሶ፣ ሞተሩ ለዚያ ስፍራ የሚገባውን ዙር መስጠቱን ማየት ይገባዋል፤ የማኮብኮቢያው ግማሽ ላይ ሲደርስም ለመነሣት ከሚያስፈልገው ፍጥነት 70 በመቶውን ካላገኘ እጀታውን መልሶ ፍሬን መያዝ አለበት። ለማቆም የሚበቃ ሜዳ ከፊቱ ሳለ ያቆመ ሰው የሚያጣው የአንድ ጧት ጉዞ ነው። ከመነሣቱም በፊት፣ ብቻውን ቢሆን እንኳ፣ የሚያደርገውን በቃሉ ይናገር፤ ሞተሩ በመሬት ላይ ሳለሁ ቢደክም አቆማለሁ፤ ከዚህ ከፍታ በታች ቢደክም በዚያ ሜዳ ላይ አርፋለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ብቻ እመለሳለሁ፤ ከፊል ድካምም ቢሆን ከፍታዬን መያዝ ካቃተኝ ፍጹም እንደ ቆመ እቈጥረዋለሁ። ይህን በልቡ ብቻ ያሰበ ሰውና በአፉ የተናገረ ሰው በጭንቅ ሰዓት አንድ አይደሉም፤ የተነገረው ቃል ውሳኔ ሆኖ ይቆያል፤ የታሰበው ግን እንደገና ለክርክር ይቀርባል።

ፊት ለፊት ማረፍን አስፈሪ የሚያደርገው ነገር የግጭቱ ሐሳብ ነውና፣ ስለ እርሱም የተፈጥሮ ሕግ የሚለውን መስማት ያጽናናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሮጠ መሬት የነካ አውሮፕላን፣ ዘጠኝ እጥፍ የምድር ስበት በሆነ እኩል ግፊት የሚቆም ከሆነ፣ የሚያስፈልገው ርቀት ሦስት ሜትር አይሞላም፤ በ160 ኪሎ ሜትር ለሚሮጠው ግን አራት እጥፍ ያስፈልገዋል። አጥርና ቁጥቋጦ፣ የእህል ማሳ፣ ክንፎቹም ጭምር እየተሰበሩ ይህን ርቀት ሊሰጡ ይችላሉ፤ በትከሻ ቀበቶው በሚገባ የታሰረ ሰውም ከዚህ ግፊት ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ አውሮፕላኑ እየታዘዘ፣ ክንፎቹ ቀጥ ብለው፣ በሚቻለው ዝቅተኛ ፍጥነት ወደ ነፋሱ የወረደ አብራሪ መኪናውን ወደ ቁጥቋጦ እንዳስገባ ሰው ነው፤ ለመመለስ ሲታገል ክንፉ መሸከሙን ትቶ በአፍንጫው የተተከለው ግን ይህን ሁሉ ርቀት ያጣል።

የቀረውም የአሠልጣኞች ሥራ ነው። ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶች አሠልጣኙ የሞተር መጥፋትን ሲያስተምር እጀታውን እስከ መጨረሻው ይስበዋል፤ ተማሪውም ወዲያው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ሜዳ መፈለግ ይለምዳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከመዝገቡ እንዳየነው የሚደጋገመው ችግር ሌላ ከሆነ፣ እጀታው አንዳንድ ጊዜ ግማሽ ላይ መተው አለበት፤ ሲሶ ላይም ይተው፤ ተማሪው ሳይጠብቅ ደግሞ ይመለስለት፤ እንደገናም ይወሰድበት። አውሮፕላኑ በየኃይሉ መጠን የሚወጣ፣ ከፍታ የሚይዝ ወይም የሚወርድ መሆኑ፣ ተማሪው በዙር መቁጠሪያው ላይ ከሚያያቸው ቁጥሮች ጋር ተጽፎ ይያዝ፤ በሰንጠረዥም ሆኖ በዳሽቦርዱ አጠገብ ይለጠፍ። ልምምዱ የሚደረገው ከማረፊያው ርቆ፣ ከመሬት አንድ ሺሕ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድን የከፍታ ቁጥር እንደ ምድር ቆጥሮ ሲሆን፣ ተማሪው ከዚያች ሐሰተኛ ምድር በታች የወረደበት ጊዜ ሁሉ ይመዝገብለት፤ ደጋ ላይ ባሉት ትምህርት ቤቶችም ይኸው ልምምድ በዝናሙ ወራትና በበጋው እኩለ ቀን፣ በሁለቱም፣ ይደገም፤ በሙቀቱና በብርዱ የሚገኙት ቁጥሮች አንድ አይሆኑምና።